ናዳ ያፈናቀለው ሰው «ተፈናቃይ» ይባላል? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

በረዶ የጤፍ ማሳዬን አወደመው። ማንን ልክሰስ? (ከሞጣ)

ማንንም። በረዶ መጥሪያ አይደርሰውም። ጉዳቱን ቶሎ ብለው ወረዳ ግብርና ያስመዝግቡ።

ከደጀን፣ ከዓባይ በረሃ አፋፍ አንድ አባት ጽፈዋል። ክረምት ላይ መሬቱ ተንሸራቶ ቤታቸውንም ማሳቸውንም ይዞ ወረደ። አሁን ከተማ ልጃቸው ዘንድ ተጠግተዋል። ቀበሌ ቢያመለክቱ «እናንተን ጦርነት አላፈናቀላችሁ፤ ተፈናቃይ አትባሉም» ተባሉ። እውነት ነው ወይ ይላሉ።

ኧረ አይደለም አባቴ! የካምፓላ ስምምነት የሚባል የአፍሪካ ኅብረት ሕግ አለ። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃዋለች። የጸደቀ ስምምነት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። በዚህ ሕግ ተፈናቃይ ማለት ጥይት ሸሽቶ የመጣ ብቻ አይደለም፤ የተፈጥሮ አደጋ ከቤቱ ያስወጣውም ነው። አንቀጽ 5(4) እንዲያውም የአየር ንብረት ለውጥን ስሙን ጠርቶ ያነሳዋል።

ካሳ ግን ሌላ ነገር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44(2) ካሳ የሚለው በመንግሥት ፕሮግራም ኑሮው ለተናጋ ሰው ነው። ናዳ ፕሮግራም የለውም። የእርስዎ ጥያቄ መመዝገብ፣ እርዳታ ማግኘትና የሚሰፍሩበት ቦታ ይሁን።

እኔን የሚያንገበግበኝ ወረቀቱ ነው። መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ያለ ሰው ይቆጠራል። ልጁ ጓዳ የተኛ አባት ግን ለጥየቃ የመጣ እንግዳ ይመስላል፤ ማንም አይመዘግበውም። ስለዚህ በቃል መጠየቁን ይተዉት። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ያጽፉ፤ የእርስዎ ቅጂ ላይ መዝገብ ቤት ቀንና ማኅተም ያስመቱ። ልጅዎ የተሰነጠቀውን መሬት በስልኩ ፎቶ ያንሳ። የይዞታ ደብተሩን ዋናውን «እኛ ጋ ይቀመጥ» ቢሉዎትም አይስጡ፣ ኮፒ ይበቃቸዋል። መታወቂያዎ ከቤቱ ጋር ተቀብሮ ከሆነ፣ የካምፓላው አንቀጽ 13 መንግሥት እንዲተካልዎ ያዛል። እምቢ ካሉ ወረዳ፣ ከዚያም እንባ ጠባቂ አለ። ደግሞ በእኔ ጽሑፍ ብቻ እንዳይሄዱ! ወረቀትዎን የሚያይ የሕግ ባለሙያ የግድ ያስፈልግዎታል። የጠበቃ ብር ከሌለዎት ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሕግ ትምህርት ቤት ሄደው ነጻ ድጋፍ ይጠይቁ።

ዝናቡ ከዳን። ደላላው «የአየር ንብረት ስደተኛ» የሚባል ቪዛ አለ ይለኛል። ልክፈለው? (ከቢቸና)

እንዳትከፍል! የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አምስት ምክንያት ነው የሚያውቀው፦ ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የማኅበራዊ ቡድን አባልነትና የፖለቲካ አመለካከት። ዝናብ የለበትም። ኪሪባቲ ከምትባል የፓስፊክ ደሴት አገር የመጣ አንድ ሰው የባሕር ከፍታ መጨመሩን ምክንያት አድርጎ ኒውዚላንድን ሞግቶ ነበር፤ ተሸነፈ። ደላላህ ሰምቶ ከሆነ፣ አውስትራሊያ እንዲህ ያለ በር ከፍታለች። የከፈተችው ግን ቱቫሉ ለምትባል ሌላ የፓስፊክ ደሴት አገር ሰዎች ነው፤ ያውም በዓመት ለ280። አንተ የቢቸና ልጅ ነህ።