ወተት የሳንባን አቧራ አያጥብም

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግራናይትና የእብነ በረድ መቁረጫ ቤት መሥራት ከጀመረ ሰባተኛ ዓመቱን ይዟል። ማታ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ይመጣል፤ ቱታውንም በረንዳ ላይ አራግፌ አጥባለሁ። አሠሪው ለሠራተኞቹ በየቀኑ ወተት ይሰጣል፤ ባለቤቴም አፍና አፍንጫውን በእርጥብ ሻሽ ይሸፍናል። ከክረምት ወዲህ ግን ደረቅ ሳል ይዞታል፤ ደረጃ ሲወጣም ያለከልካል። አክታው ተመርምሮ የሳንባ ነቀርሳ የለበትም ተብለናል። ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በወተቱ እንጀምር። ወተት የሚወርደው ወደ ጨጓራ ነው፤ አቧራው ያለው ደግሞ ሳንባ ውስጥ ስለሆነ ሁለቱ አይገናኙም። ምግብ ነውና ይጠጣ፤ አሠሪው ግን የመከላከያ ግዴታውን እንደተወጣበት አድርጎ ሊቆጥረው አይገባም።

ቅንድቡ ላይ ከሚታየው ዱቄት ይልቅ የሚያሰጋው የማይታየው ነው። ድንጋዩ ሲቆረጥና ሲለሰልስ በውስጡ ያለው ሲሊካ የተባለ ማዕድን ደቅቆ ይበናል። ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል የሚደርሰው ብናኝ መጠኑ ከጥቂት ማይክሮን አይበልጥም፤ አንድ የራስ ፀጉር 70 ማይክሮን ያህል ውፍረት እንዳለው ሲታሰብ ሻሹ ለምን እንደማያስቀረው ግልጽ ይሆናል። ሰውነት ይህን ብናኝ ሊያስወግድ ሲታገል ሳንባው ላይ ጠባሳ ይፈጠራል፤ ሲሊኮሲስ የሚባለው በሽታ ይህ ነው። ጠባሳውን የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ በሽታው ለሳንባ ነቀርሳም ያጋልጣል፤ ብናኙ ራሱም የሳንባ ካንሰር ያመጣል።

ድንጋይ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። እብነ በረድ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ሲሊካ ጥቂት ሲሆን፣ በግራናይት ውስጥ ከመቶ 30 አካባቢና ከዚያም በላይ ይገኛል። ለኩሽና ጠረጴዛ የሚመጣው፣ «ኳርትዝ» እየተባለ የሚሸጠው በፋብሪካ የተሠራ ድንጋይ ከመቶ 90 በላይ ሊይዝ ይችላል፤ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ድንጋይ የከለከለችው ወጣት ቆራጮቿ ሳንባቸውን እያጡ በመምጣታቸው ነው።

መፍትሔው ያለው ዲስኩ ድንጋዩን በሚነካበት ቦታ ነው። ውሃ ያለማቋረጥ እዚያ ላይ ከፈሰሰ አቧራው ሳይበንን ጭቃ ይሆናል፤ በተቦረቦረ የፕላስቲክ ጠርሙስ አልፎ አልፎ ማንጠባጠብ ግን አይበቃም። በዚህ ላይ በተራ የኤሌክትሪክ ግራይንደር ላይ ውሃ ማፍሰስ ሰው ይገድላልና፣ ለውሃ የተሠራ ወይም በአየር ግፊት የሚሽከረከር መሣሪያ ያስፈልጋል። ጭቃው ሳይደርቅ ታጥቦ መወሰድ አለበት፤ ከደረቀ መልሶ አቧራ ነውና። በደረቁ መጥረግ መቅረት አለበት። ሥራ ሲያልቅ በኮምፕረሰር ቱቦ ልብስን መንፋት፣ ሠራተኞች በቀልድ እርስ በርስ የሚያደርጉት ነገር ቢሆንም፣ የቀኑን ብናኝ በአንድ ጊዜ ወደ አፍንጫ መላክ ነው። እርስዎም ቱታውን አያራግፉት፤ እዚያው መቁረጫ ቤቱ ቀይሮት፣ በፌስታል ታስሮ ይምጣና በቀጥታ ውሃ ውስጥ ይንከሩት።

ማስክ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቢያንስ ኤን 95 የተባለው፣ ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራው ዓይነት መሆን፣ ፊት ላይም በደንብ መግጠም ይኖርበታል፤ ጺም ካለ በጎኑ ያስገባል። በደረቁ ለሚቆርጥ ሰው ግን እርሱም አይበቃም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመከላከያ መሣሪያ የማቅረብና ስለ አደጋው የማስረዳት ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ስለሆነ፣ ባለቤትዎ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ቢጠይቅ መብቱ ነው።

ሳሉን በተመለከተ ምርመራው በአክታ ማብቃት የለበትም። የደረት ራጅና የትንፋሽ አቅም ምርመራ እንዲደረግለት ይጠይቁ፤ እስከዚያውም በደረቁ ከመቁረጥ ይቆጠብ። ሐኪሙ ባይጠይቀው እንኳ «ሰባት ዓመት ድንጋይ ቆርጫለሁ» ብሎ ይንገረው፤ ይህም በካርዱ ላይ እንዲጻፍ ያድርግ፤ በሽታው ከሥራ የመጣ መሆኑ ከተረጋገጠ ካሳ ሲጠየቅ ይህ ጽሑፍ ማስረጃ ይሆነዋል።