ጥያቄና መልስ፦ ባሕር ሳላይ ባሕር ላስተምር?

የመስክ ልምምድ ስለተቃረበ ነው መሰል፣ ሰሞኑን ደብዳቤው ሁሉ ከሳይንስ መምህርነት ሠልጣኞች ነው።

አንዲት የደብረ ብርሃን ሠልጣኝ፣ «ወንዝ ባሕር ስለሚገባበት ቦታ እንዳስተምር ተመድቤያለሁ። ባሕር ያየሁት በቴሌቪዥን ነው። ሰሌዳ ላይ ሥዕል ከመለጠፍ ሌላ ምን ላድርግ?» ትላለች።

እህቴ፣ ሥዕሉን ለጊዜው አስቀምጪው። አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 35 ግራም ጨው አሟሚ። የባሕር ውኃ ጨው በአማካይ ይህን ያህል ነው። ግማሽ ብርጭቆ ቅጂና የቀዘቀዘ ሻይ በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ አድርገሽ አፍስሺበት። ሻዩ ከላይ ይቀራል። ስኳር እንዳይኖረው ብቻ! እኔ አንድ ጊዜ ከቁርስ የተረፈ ሻይ ይዤ ክፍል ገብቼ፣ ስኳሩ አክብዶት ሁሉም ተደባለቀና ተማሪ ሳቀብኝ። ወንዝ ባሕር ሲገባም እንዲሁ ነው፤ ቀላሉ የወንዝ ውኃ ከላይ፣ ከባዱ ጨዋማ ውኃ ከሥር። አሁን ብርጭቆውን ወዲያና ወዲህ አዘንብዪው። በብዙ የባሕር ዳርቻ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ሁለቱን የሚያደባልቃቸው አንዱ እሱ ነው።

ቀጥሎ ወደ ከተማሽ ወንዝ፣ ወደ በሬሳ ውረጂ። በሬሳ ጀማን፣ ጀማ ዓባይን፣ ዓባይ ሜዲትራኒያንን ይቀላቀላል። ከከተማው በላይ አንድ ቦታ፣ ከከተማው በታች አንድ ቦታ ምረጪ። ወንፊት ውኃው በሚወርድበት በኩል ደግፊና ከፊቱ ያለውን ድንጋይ ለ3 ደቂቃ በእግርሽ አተራምሺ። ነጭ ሳህን ላይ ገልብጪው። መጀመሪያ ጭቃ ብቻ ነው የሚመስለው። ጠብቂ። ሲረጋ ሦስት ጭራ ያላት ጠፍጣፋ እጭ መላወስ ትጀምራለች፤ እሷ ኦክስጅን የበዛበት ውኃ ትወዳለች። ቀያይ ቀጫጭን ትሎች ብቻ ከሆኑ ውኃው ኦክስጅን አንሶታል ማለት ነው፤ ቅላታቸው እንደ ደማችን ከሄሞግሎቢን ነው። የሁለቱንም ቦታ ቁጠሪ፣ ጻፊ፣ አወዳድሪ፣ ድንጋዩን ወደ ቦታው መልሺ። ባሕር ዳርቻ የሚወጡ ሠልጣኞችም ሥራቸው ይኸው ነው፤ የእነሱ ጭቃ ጨውና የባሕር ሸርጣን አለው። በሬሳ ያንን አይሰጥሽም፤ ለተማሪዎችሽም ሳትደብቂ ንገሪያቸው።

«አዋሽስ የትኛው ባሕር ይገባል?» የትኛውም። አፋር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል።

«ቦቲ የግድ ነው?» አዎ።

ከሸዋ ሮቢት አንድ ወንድሜ፣ 40 ተማሪ ይዞ ወንዝ ሊወርድ ነው። ፈቃድ አለኝ፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል ይላል።

እዚህ ላይ አልቀልድም። እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ከላይ ደጋው ጣርማበር ላይ ሲዘንብ ጎርፉን የምታየው ከደረሰ በኋላ ነው። በደብረ ሲና በኩል ከጠቆረ አትውረዱ። ሌላው ቢልሃርዝያ ነው። የደጋው ብርድ በሽታውን ለምታስተላልፈው የውኃ ቀንድ አውጣ ብዙም አይመቻትም፤ ቆላው ግን ይመቻታል። ከእሷ የሚወጣው ጥገኛ ቆዳ በስቶ ይገባል። ባዶ እግር የለም፣ ያለ ጓንት እጅ መንከርም የለም። ከመሄድህ በፊት ጤና ጣቢያ ሄደህ ስለዚያው ወንዝ ጠይቅ፤ ውኃ የነካው ልጅ ካለም መቼ መመርመር እንዳለበት እነሱ ይንገሩህ። «እሺ» ብለህ እንዳታልፈው፤ ሂድ።

አንዱ ደግሞ የትል ፎቶ ልኮ ስሟን ይጠይቃል። የሚታየኝ አውራ ጣትህ ብቻ ነው። የኮሌጅህ ባዮሎጂ ክፍል ይዩልህ።

የመጨረሻው ጠያቂ ያለቀለት የመስክ ሪፖርት ይፈልጋል፤ ቁጥሩን ብቻ ሊቀይር። አልልክም። ወንፊት ከቸገረህ ግን ንገረኝ፤ እኔ ጋ ሁለት አለ።