ኦርቪየቶ ለግማሽ ቀን አትበቃም፤ ከእናትሽ ጋር እደሩባት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። እናትሽ በሰኔ ከአዲስ አበባ ወደ ሮም ይመጣሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ የሐዋርያትን ጾም ይጾማሉ፣ መኪና የላችሁም። «ኮረብታ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ላሳያቸው አስቤ ነበር፤ ኦርቪየቶ ለግማሽ ቀን ትሆናለች?» ነው ያልሽው። እኔ እዚያው አንዲት ሲኞራ እየተንከባከብኩ ኖሬያለሁ። ምርጫሽ ጥሩ ነው። ግን እደሩባት።

ቀን ቀን ከተማዋ በጎብኚ ትጨናነቃለች። አመሻሽ ላይ የአስጎብኚ ቡድኖቹ ሲወርዱ ነዋሪው ወደ ኮርሶው፣ ወደ ዋናው መንገድ፣ ይወጣል። ሽማግሌዎች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይንሸራሸራሉ፣ ልጆች ካቴድራሉ ፊት ይሯሯጣሉ። የካቴድራሉ ፊት ወደ ምዕራብ ስለሆነ የማታዋ ፀሐይ ወርቃማውን ሞዛይክ ታበራዋለች። በግማሽ ቀን የሚመለስ ሰው ይሄንን ነው የሚያጣው።

መሄጃው ቀላል ነው። ከቴርሚኒ፣ ከሮም ዋና ባቡር ጣቢያ፣ በክልል ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የወረቀት ትኬት ከያዛችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ማሽኑ ላይ አስመቱት። ጣቢያው ታች ሜዳው ላይ ነው። ፊት ለፊቱ ፉኒኮላሬ አለ፤ ገደሉን በኬብል እየተሳበ በጥቂት ደቂቃ ያወጣችኋል። በ1888 ሲጀምር በውሃ ክብደት ነበር የሚሠራው፤ አሁን በኤሌክትሪክ ነው። ላይ ስትደርሱ እስከ ካቴድራሉ የሚወስድ ትንሽ አውቶቡስ ታገኛላችሁ። እናትሽ ዳገት አይወጡም ማለት ነው።

ካቴድራሉ በ1290 የተጀመረ ነው። ግድግዳው አንድ ረድፍ ነጭ፣ አንድ ረድፍ ጥቁር ድንጋይ ነው። ወደ ውስጥ ለመግባት አትቸኩሉ። በሮቹ መሃልና ዳር ያሉትን፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ የተቀረጸባቸውን አራት ሰፋፊ ዓምዶች አሳዪያቸው። በስተግራ ያለው ኦሪት ዘፍጥረት ነው። አዳም ተኝቷል፤ እግዚአብሔር ጎንበስ ብሎ ጎኑን ይከፍታል፤ ቀጥሎ ሔዋን ከጎኑ ስትወጣ ትታያለች። በስተቀኝ ዳር ደግሞ የመጨረሻው ፍርድ አለ። መጽሐፉን ለሚያውቅ ሰው አስጎብኚ አያስፈልገውም። እናትሽ ራሳቸው ይተርኩልሻል።

የቅዱስ ፓትሪስዮ ጉድጓድን ግን እሳቸው ይለፉት። የሮማው ጳጳስ ክሌመንት 7ኛ በ1527 ሮም ስትዘረፍ ወደ ኦርቪየቶ ሸሽተው ነው ያስቆፈሩት፤ ከተማዋ ብትከበብ ውሃ እንዳይቸግር ብለው። ሁለት ጠመዝማዛ መንገድ አለው፤ የሚወርደው በቅሎና የሚወጣው በቅሎ አይገናኙም። የሚያስደንቅ ሥራ ነው። ግን 248 ደረጃ ወርዶ መልሶ መውጣት ለታመመ ጉልበት አይሆንም። አጠገቡ የአሮጌው ምሽግ መናፈሻ አለ። እሳቸው እዚያ ጥላ ስር ተቀምጠው የፓሊያ ወንዝን ሸለቆ ይዩ፤ አንቺ ወርደሽ ተመለሽ።

ስለ ጾሙ አታስቢ። የአካባቢው ፓስታ ኡምብሪኬሊ ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ዱቄትና ውሃ ብቻ ነው፣ እንቁላል የለውም። ሲኞራዋ ሊጡን ቆራርጠው እንጨት ላይ በመዳፋቸው ወደ ፊት ወደ ኋላ ያንከባልሉት ነበር። ወፈር ያለ፣ ወጣ ገባ ያለ ይሆናል፤ ስጎውን የሚይዘውም እሱ ነው። በቲማቲም፣ በነጭ ሽንኩርትና በሚያቃጥል ቃሪያ የተሠራውን እዘዢ። «ሴንዛ ፎርማጆ» ማለት ግን እንዳትረሺ፤ አለበለዚያ አይብ ነስንሰው ያመጡታል። ዳቧቸው ጨው የለውም፤ እናትሽ ይገርማቸው ይሆናል፣ የአካባቢው ክልል የኡምብሪያ ልማድ ነው።

በሁለተኛው ቀን ወደ ገጠሩ ውረዱ። ከተማዋ የቆመችበትን አለት ከታች ካላያችሁት ኦርቪየቶን አያችኋት አልልም። ቱፎ የሚባል ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ለስላሳ ድንጋይ ነው፤ ሰዉ ሲቆፍረው ኖሮ ውስጡ ከ1,000 በላይ ዋሻ አለው። እኔ የነበርኩበት ቤት ምድር ቤትም በአለቱ ውስጥ ተፈልፍሎ የተሠራ ነበር፤ በነሐሴ ሙቀት እንኳ ወይኑ እዚያ ቀዝቅዞ ይቆያል።

ከገደሉ ስር ከሮማውያን በፊት የነበሩት የኤትሩስካውያን መቃብር አለ፤ ክሮቺፊሶ ዴል ቱፎ ይባላል። እንደ መንደር መንገድ አለው፤ ግራና ቀኝ ትናንሽ የድንጋይ ቤቶች ናቸው። በሮቹ አናት ላይ የሟቹ ስም ከቀኝ ወደ ግራ ተቀርጿል። ዕድሜው ወደ 2,500 ዓመት ነው። ታክሲ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከዚያ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ወደ ያዛችሁት አግሪቱሪዝሞ፣ እንግዳ ወደሚቀበል የእርሻ ቤት፣ ለምሳ ሂዱ። በሰኔ ወይኑ ለምልሟል፣ ስንዴው ቢጫ ሆኗል፣ ወይራው በየተዳፋቱ ነው። ገጠር ያደጉ እናት ከሆኑ ከካቴድራሉ ይልቅ እርሻው ላይ ብዙ ጥያቄ ይጠይቁሻል። ስትደውዪ «ቬጋና» (ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የማትበላ) በያቸው፤ ጾም ብለሽ ከማስረዳት ይቀላል። ሽምብራና ቦሎቄ አይጠፋም።

ብዙ ሰው በአቅራቢያው ያለችውን የገደል ላይ መንደር ቺቪታ ዲ ባኞሬጆን ጎብኚ ይልሻል። ውብ ናት፣ አልክድም። ግን መግቢያዋ ረጅም የእግረኛ ድልድይ ነው፤ መጨረሻው ዳገት ነው፤ መኪና አይገባም። ሌላ ጊዜ ብቻሽን ሂጂ።

ከተመቻችሁ አርብ ከሰዓት ድረሱ። ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ ዴል ፖፖሎ ላይ ገበያ አለ፤ ፍራፍሬውን እዚያ ግዙ። የኮርፐስ ዶሚኒ (ካቶሊኮች የክርስቶስን ሥጋና ደም የሚያከብሩበት) በዓል ሰሞን ከሆነ አልጋ አስቀድማችሁ ያዙ፤ የጥንት ልብስ የለበሱ ሰዎች ሰልፍ ስላለ ከተማው ይሞላል። ቤቶቹ ያረጁ ናቸው፣ ብዙዎቹ ሊፍት የላቸውም። ስለዚህ አልጋ ስትይዢ መጀመሪያ የምትጠይቂው ሊፍት መኖሩን ወይም ክፍሉ ምድር ላይ መሆኑን ይሁን።