«እውነቱን እኮ ነው ያወራሁት»

ጥያቄ፦ የኔታ፣ ደሴ የምኖር የጽዋ ማኅበር አባል ነኝ። አንዲት የማኅበራችን እኅት የሰው ብድር ሳትከፍል ለልጇ ድል ያለ ሠርግ ደገሰች። በሁዳዴ ቡና ላይ ይህንኑ ሳነሣ አንዷ ጎረቤቴ «ተይ፣ ሐሜት ነው» ብላ ገሠጸችኝ። ነገሩ እውነት ነው። እውነት መናገር እንዴት ኃጢአት ይሆናል?

መልስ፦ ልጄ፣ «እውነት ከሆነ ሐሜት አይባልም» የሚለውን ብዙ ሰው እንደ ሕግ ይዞታል። ሐሰት ከሆነማ ስም ማጥፋት ነው፣ ሌላ ዕዳ አለው። የሚታማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚታማው ባደረገው ነው።

ዘኍልቍ 12ን አንብቢ። ማርያምና አሮን ሙሴን ያሙት ኢትዮጵያዊቱን በማግባቱ ነው። አግብቷል፣ አልዋሹም። ማርያም ግን ለምጽ ወጣባትና 7 ቀን ከሰፈር ውጭ ተቀመጠች፤ ሕዝቡም እስክትመለስ ድረስ ጉዞውን አቆመ። በአንዲት ምላስ ያ ሁሉ ሕዝብ ቆመ! ሥሩን ደግሞ ቁጥር 2 ላይ ታገኚዋለሽ፦ እግዚአብሔር የተናገረው በሙሴ ብቻ ነው ወይ፣ በእኛስ አልተናገረም ወይ ይላሉ። የከነከናቸው የወንድማቸው ክብር ነው፤ ሚስቲቱ ሰበብ ነበረች። አንቺም ልብሽን ጠይቂው፤ ያንገበገበሽ የሰውየው ገንዘብ ነው ወይስ ድንኳኑ?

የእኛ የወሎ ቡና ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። በምርቃት ይጀመራል። አቦሉ በገበያና በዝናብ ወሬ ያልፋል፣ ቶናው ላይ የሰው ስም ይነሣል፣ በረካው ሲቀዳ ሴትዮዋ ተበልታ አልቃለች። በረከት ብለን በሰየምነው ሲኒ! ያዕቆብ 3፥10 ላይ ከአንድ አፍ በረከትና መርገም ይወጣሉ ያለው ይህንኑ ነው። የበሬውን ሥጋ 55 ቀን ትተን የሰው ሥጋ የቡና ቁርስ አደረግነው።

ሁሉን ዝም በይ አላልሁም። ገንዘቡ ያንቺ ከሆነ ማቴዎስ 18፥15 መጀመሪያ ለብቻዋ ንገሪያት ይላል። ያንቺ ካልሆነ ግን ሊያስተካክል ለሚችል ሰው ብቻ ተናገሪ። በቆሮንቶስ ክርክር እንዳለ የቀሎዔ ቤተ ሰዎች ለጳውሎስ ነገሩት፤ እርሱም የነገሩትን ሰዎች ስም በግልጥ ጻፈ (1ኛ ቆሮ. 1፥11)። «ሰው ይላል» የሚባል ነገር የለም። ቡና የሚጠጡ ጎረቤቶችሽ ብድሩን ያስመልሳሉ?

ንስሐ ስትገቢ «ሐሜት አለብኝ» ብለሽ አትለፊ። ስንት ሰው እንደሰማሽና ስንት ጊዜ እንደደጋገምሽው ለነፍስ አባትሽ ንገሪ፤ የእርሷን ስምና ብድር ግን አትተርኪ። ብዙዎች እዚህ ላይ ተሳስተው ንስሐውን ሁለተኛ ሐሜት ያደርጉታል። ከዚያ ወደ ሰሚዎቹ ተመለሺ፦ «ያን ቀን የማያገባኝን አወራሁ፣ ይቅር በሉኝ»፤ ይበቃል። እርሷ ካልሰማች ልንገራት ብለሽ አትሩጪ፤ አንቺ ይቀልሻል፣ እርሷ ግን ትቆስላለች። መጀመሪያ የነፍስ አባትሽን አማክሪ። ሰምታ ከሆነ ብቻሽን ሂጂ፤ «ግን እኮ እውነት ነው» የምትለዋን ቃል ቤትሽ ትተሻት።

የገሠጸችሽን ጎረቤትሽንም አትቀየሚያት። በሚቀጥለው ቡና ከጎኗ ተቀመጪ።