ለሠርግ ፊሽአይ ልግዛ ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ «ካነን 250ዲ አለኝ፣ ሠርግ እሠራለሁ፣ 10-18 ልግዛ ወይስ ሳምያንግ 8 ሚሊሜትር ፊሽአይ?» ብለሃል። 10-18ን ግዛ፤ መስመር ብዙም ሳያጎብጥ ሰፊ የሚያይ ሌንስ ነው። ፊሽአዩ፣ ማለትም ከሁሉም ሰፊ የሚያየው ግን መስመር የሚያጎብጠው ሌንስ፣ በኋላ ይደርሳል።

እኔ ተገላቢጦሽ ነው የጀመርኩት። ፊሽአዩን በገዛሁ በሳምንቱ ሠርግ ይዤው ሄድኩ። ሳሎኑ ጠባብ ነው፣ ቤተሰቡ ብዙ፤ ሁሉም በአንድ ፎቶ ገባልኝ ብዬ ፈነጠዝኩ። አልበሙ ሲደርስ ዳር የቆሙት የሙሽራዋ አክስት እንደ ሙዝ ጎብጠዋል። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። እውነታቸውን ነው።

በፊሽአይ ስታነሳ በፎቶው መሃል የሚያልፍ መስመር ቀጥ እንዳለ ይቀራል፣ ከመሃል በራቀ ቁጥር ግን ይጎብጣል። አድማሱን መሃል ላይ ካደረግከው ችግር የለም፤ ካሜራውን ትንሽ ወደ ታች ደፋ ካደረግከው ምድር ኳስ ትሆንልሃለች። በላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) አቃናዋለሁ እንዳትል፤ ዳር ዳሩ ተቆርጦ ይሄዳል፣ የተረፈውም ይደበዝዛል። እንደዚያ ከሆነማ ፎከሱን ራሱ የሚይዘው 10-18 ምን በደለህ?

ፊሽአይ የሚያምረው ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ነው። መሃል ቆመህ ካሜራውን ወደ ጣሪያው ስታቀና መላእክቱም ግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎችም አብረው ይገባሉ። እንደ 250ዲ ያለ አነስ ያለ ሴንሰር (ክሮፕ) ባለው ካነን ላይ ከጥግ እስከ ጥግ 167 ዲግሪ ገደማ ስለሚያይ፣ ካሜራውን ዝቅ ስታደርግ ጫማህና የትራይፖድህ እግር ሳይቀር ሊገባ ይችላል፣ ጠርዙን ደጋግመህ እይ።

ፊሽአዩ ማንዋል ነው፤ ፎከሱንም አፐርቸሩንም (ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ) በእጅህ ነው የምታስተካክለው። ካሜራው የአፐርቸሩን ቁጥር 00 ብሎ ቢያሳይህ አትደንግጥ፣ አፐርቸሩን የምታዞረው ሌንሱ ላይ ነው። አፐርቸሩን 8 ላይ አድርገህ ፎከሱን 1 ሜትር ላይ ብትተወው ከ30 ሳንቲሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ ሩቅ ተራራ ጥርት ይላል። ብቻ ሌንሱ ላይ የተጻፈውን ርቀት ከማመንህ በፊት ላይቭ ቪው ላይ (ምስሉን በካሜራው ስክሪን እያየህ) አጉልተህ አረጋግጥ። መስታወቱ ወደ ፊት ያበጠ ስለሆነ ፊት ለፊቱ ፊልተር አይገባለትም፣ ክዳኑን አትርሳ።

አሁን ሠርግ ላይ የማወጣው ለጭፈራ ብቻ ነው። ሰው ሙሽሮቹን ከቦ እስክስታ ሲወርድ ካሜራውን ከራሴ በላይ ዘርግቼ ቁልቁል አነሳለሁ፤ ክቡ ሙሉ ይወጣል። የካሜራውን ፍላሽ ግን አትክፈት፣ የሌንሱ ጥላ ፎቶው ውስጥ ይገባል።