የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የትምህርት ቤት ታሪክ ከመዝገብ ቤት ይነሣል

ጥያቄ፦ ሰሜን ወሎ ውስጥ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ኮሚቴ ነን። ለምሥረታ በዓሉ መጽሔት ልናዘጋጅ ተነሥተን በመመሥረቻው ዓመት መስማማት አቃተን። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሁሉም ወገን ልክ ሊሆን ይችላል። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በፊት 7ኛና 8ኛ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሁለተኛ ደረጃ ነበር። ብዙ ትምህርት ቤት በ7ኛና በ8ኛ ተከፍቶ፣ 9ኛን የጀመረው ቆይቶ ነው፤ ከዚያም በየዓመቱ አንድ ክፍል እየጨመረ 12ኛ ደረሰ። ስለዚህ በሩ የተከፈተበትን፣ 9ኛ የገባበትንና የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ማትሪክ የወሰዱበትን ዓመት ለየብቻ ጻፉ። በዓሉን ከ9ኛው መቁጠር ይሻላል ባዮች ነን። ከፖሊሲው በኋላ 11ኛና 12ኛ መሰናዶ ተብለው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሄደው ከሆነ፣ ያንንም መግለጽ ነው።

ሌላው አሳሳች የዘመን አቆጣጠር ነው። የ1962 የትምህርት ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1969 ተጀምሮ በ1970 ያልቃል። በሰኔ ከተሰጠ ካርድ ላይ 1970ን አይቶ 7 የቀነሰ ሰው 1963 ላይ ይወድቃል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ግድም 7፣ ከጥር ወዲህ 8 ቀንሱ።

ዋናው ማስረጃ ሮስተር፣ ማለትም የተማሪዎች ስምና ውጤት የሰፈረበት መዝገብ ነው። በ2014ቱ ጦርነት የብዙ ትምህርት ቤቶች ሰነድ ስለጠፋ፣ ከሌላችሁ ወረዳና ዞን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ ከዚያ የተመራቂዎችን ካርድና ሰርተፊኬት ሰብስቡ። ማኅተሙን አንብቡ፦ «ወሎ ጠቅላይ ግዛት» የሚለው የንጉሡ ዘመን፣ «ወሎ ክፍለ ሀገር» የሚለው የደርግ፣ «ሰሜን ወሎ ዞን» የሚለው ከዚያ ወዲህ ነው። ቀን የተፋቀበትን ወረቀት በዚህ መለየት ይቻላል። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው ቆይቶ ወረቀቱን ያቢጫል፣ ቀለሙንም ያነሣል። የረጠበውን ጥላ ሥር ዘርግታችሁ አድርቁ፤ ፀሐይ ቀለም ያጠፋል። የሰነዱን ፎቶ በመስኮት ብርሃን ያለ ፍላሽ አንሡ፣ ዋናው ከግቢው አይውጣ። የሰው ውጤት ግን መጽሔት ላይ አይወጣም።

አባቶችንና እናቶችን ስትጠይቁ «መቼ ነበር?» አትበሉ። «9ኛ ሲገቡ ዳይሬክተሩ ማን ነበሩ? ማትሪክ የወሰዱት የት ነው? ከ66ቱ ረሀብ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» በሏቸው። ለማትሪክ ሌላ ከተማ ሄደን ነበር ካሉ፣ ያኔ ግቢው 12ኛ አልነበረውም ወይም የፈተና ጣቢያ አልነበረም ማለት ነው። የትምህርት ቤቱን እሴትም እንዲሁ በተግባር ጠይቁ፦ ባንዲራ ማን ይሰቅል ነበር፣ በሚኒ ሚዲያው ምን ይነበብ ነበር፣ በረመዳንና በዐቢይ ጾም ልጆቹ እንዴት ይተሳሰቡ ነበር። «በሥነ ምግባር የታነጸ» የሚል ዐረፍተ ነገር ለየትኛውም ትምህርት ቤት ይሆናል፤ የእናንተን አይናገርም።

ጥያቄ፦ የደሴዎቹ ትምህርት ቤቶች ወይዘሮ ስሂንና መምህር አካለወልድ የማን ስሞች ናቸው?

መልስ፦ ወይዘሮ ስሂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ባለቤት፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። መምህር አካለወልድ ደግሞ የቦሩ ሜዳ ሊቅ ነበሩ።