ፋይበሩ ጎረቤት ገብቶ እኛ ጋ ለምን ቀረ? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። የፋይበር ኢንተርኔት ኬብል በመዘርጋትና ስፕላይስ በማድረግ (ክሮቹን ጫፍ ለጫፍ በማያያዝ) ሥራ ላይ ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ። እኔም ራሴ ቤቴ ፋይበር እስኪገባ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ጠብቄያለሁ። ኬብሉ ከአጥሬ ውጭ ምሰሶ ላይ ተወጥሮ ጠዋት ማታ እያየሁት ማለት ነው። ንዴቱን አውቀዋለሁ። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን ከገባላቸው ስድስት ወር አልፏል። እኛ ስንጠይቅ «የእናንተ አካባቢ ገና ነው» ይሉናል። አሥራ አምስት ሜትር እኮ ነው! ይሄ ምን ማለት ነው?

ይህን ጥያቄ ያልጠየቀኝ ሰው የለም። ነገሩ የሜትር ጉዳይ ስላልሆነ ነው ግራ የሚያጋባው።

ፋይበር፣ ማለትም ብርሃን የሚያስተላልፈው ቀጭን የመስታወት ክር፣ ከኩባንያው ማዕከል ተነስቶ በቀጥታ ቤታችሁ አይመጣም። ማዕከሉ ውስጥ ካለው ኦኤልቲ ከሚባለው መሣሪያ አንድ ክር ይወጣል። ሰፈር ሲደርስ ስፕሊተር በሚባል ትንሽ ዕቃ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፈላል። ስፕሊተሩ መብራት አይፈልግም፤ የሚሠራው ብርሃኑን መከፋፈል ብቻ ነው። ከዚያ ክሮቹ ምሰሶ ወይም ግድግዳ ላይ ወዳለ ማከፋፈያ ሳጥን ይሄዳሉ። ሳጥኑ ብዙ ጊዜ 8 ወይም 16 መግቢያ አለው። የእናንተ ቤት የሚገናኘው ከዚህ ሳጥን ነው።

ስለዚህ ዕቅዱ የሚወጣው በሳጥን ነው። እያንዳንዱ ሳጥን የተመደቡለት ቤቶች አሉት። ድንበሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ነው፤ ምክንያቱም መንገድ ማቋረጥ ወይ ቁፋሮና ፈቃድ ይፈልጋል፣ ወይ መኪና የማይነካው ከፍታ ላይ ኬብል መወጠር ይጠይቃል። ማዶ ያለው ጎረቤታችሁ በሌላ ሳጥን ሥር ነው። የእናንተ ሳጥን ገና አልተሰቀለም ይሆናል።

ስትደውሉ «መቼ ነው የሚገባልን?» አትበሉ። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሁሌም «በቅርቡ» ነው። ይልቅ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ቤቴ በየትኛው ሳጥን ሥር ነው? ሳጥኑ ተሰቅሏል? ክፍት መግቢያ አለው? ለእነዚህ መልስ የሚሰጣችሁ ሰው ስልኩን ካነሳው ሰው አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ራቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው። እስኪያገናኟችሁ ድረስ በትሕትና ጠብቁ እንጂ ስልኩን አትዝጉ።

ጥያቄ፦ ካርታው ላይ ቤታችን አገልግሎት ያገኛል ይላል። ስናመለክት ግን የለም ተባልን። ማንን እንመን?

ኬብል በደጁ ያለፈ ቤትና ኬብል የገባለት ቤት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ካርታው ብዙ ጊዜ ቀለም የሚቀባው ኬብሉ ሲያልፍ ነው። ከዚያ በኋላ ሳጥኑ ሳይፈተሽ ሊቆይ ይችላል፣ ወይም ቤታችሁ በተሳሳተ አድራሻ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ከምታስቡት በላይ ያጋጥማል። አድራሻችሁ በትክክል መጻፉን በስልክ አስነብቧቸው።

ጥያቄ፦ «ሳጥኑ ሞልቷል» ተባልን። አንድ መግቢያ መጨመር ምን ይከብዳል?

ይህችን ትንሽ ልዘርዝራት፤ እዚህ ላይ ብዙ ጥፋት ይሠራል።

ብርሃን ለሁለት በተከፈለ ቁጥር ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል። በሥራው ቋንቋ ወደ 3 ዴሲቤል ይወርዳል እንላለን። ለ32 ሲከፈል በተግባር 17 ዴሲቤል ገደማ ይጠፋል። ክሩ ራሱ በኪሎ ሜትር ወደ 0.35 ይወስዳል፤ 10 ኪሎ ሜትር ከሆነ 3.5። መጋጠሚያዎቹና ስፕላይሶቹ ሌላ 2 ያህል። ድምሩ 22.5 ይመጣል። በብዛት የሚሠራበት ዓይነት መሣሪያ የሚሸከመው እስከ 28 ዴሲቤል የሚደርስ ብክነት ነው። የቀረው ለክፉ ቀን የሚቀመጥ መጠባበቂያ ነው፦ ኬብል ተቆርጦ ሲጠገን፣ መጋጠሚያ አቧራ ሲይዝ፣ ዕቃው ሲያረጅ።

አሁን አንድ ቴክኒሻን መጥቶ «ችግር የለም፣ ከጎረቤት መስመር ላይ ለሁለት እከፍልልሃለሁ» ቢላችሁ እሺ አትበሉ። በዚያ አንድ ሥራ 3.5 ዴሲቤል ይበላል። ለጊዜው ይሠራል። ከወራት በኋላ የእናንተም የጎረቤታችሁም መስመር መቆራረጥ ይጀምራል፤ ምክንያቱን የሚያገኘው ሰውም አይኖርም። እኔ እንዲህ ያለ ግንኙነት ፍለጋ ሁለት ቀን ሙሉ መሰላል ላይ ውያለሁ። በመጨረሻ ያገኘሁት ጣሪያ ሥር በፕላስተር የተጠቀለለ ነበር።

ትክክለኛው መፍትሔ ሌላ ስፕሊተር መጨመር ነው። ለዚያ ዋናው ኬብል ውስጥ ሥራ ያልያዘ ትርፍ ክር መኖር አለበት። ትርፍ ክር ካለ ሥራው የአንድ ቀን ነው። ከሌለ ከማንሆሉ ጀምሮ አዲስ ኬብል መሳብ ነው፤ ያኔ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ «ሞልቷል» ሲሏችሁ ወዲያው «ትርፍ ክር አለ ወይ?» በሉ። ምን ያህል እንደምትጠብቁ የሚነግራችሁ ይህ መልስ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ሠራተኞቹ ግድግዳዬን ሊበሱ ነው። ጨረር አለው፣ ለጤና ጥሩ አይደለም የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እውነት ነው?

አይዞዎት እናቴ። በፋይበሩ ውስጥ የሚሄደው ብርሃን ነው፤ መስታወቱ ውስጥ ታሽጎ ነው የሚጓዘው፤ ወደ ቤትዎ የሚረጨው ነገር የለም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፦ የተቆረጠ ወይም ክፍት የሆነ ጫፍ ካዩ ዓይንዎ ላይ አስጠግተው አይመልከቱ፤ ልጆችም እንዳይነኩት። ብርሃኑ በዓይን አይታይም፤ ስለማይታይ ነው ጥንቃቄ የሚያሻው።

ቀዳዳው ከእርሳስ ብዙም አይሰፋም። ሲበሱ ግን ከውጭ ወደ ውስጥ ሽቅብ አዘንብለው እንዲበሱት ይንገሯቸው። ቀጥ ብሎ ወይም ቁልቁል ከተበሳ ዝናብ ይገባል። ውጭ ያለው ኬብልም ቀዳዳው ጋ ከመድረሱ በፊት ትንሽ ወደ ታች ረገብ ብሎ ይታሰር፤ ውኃው እዚያ ላይ ይንጠባጠባል።

ጥያቄ፦ እስከዚያው በምን እንቆይ?

የሞባይል ኔትወርክ ጥሩ ከሆነ የ4ጂ ወይም የ5ጂ ራውተር ያዙ፤ መስኮት ዳር አስቀምጡት እንጂ ቁምሳጥን ውስጥ አትቅበሩት። የስልክ መዳብ መስመር ካላችሁ ከኩባንያው መሣሪያ እስከ ቤታችሁ ያለውን ርቀት ጠይቁ፤ በዚህ መስመር የሚሄደው ቪዲኤስኤል የሚባለው ኢንተርኔት ጥሩ የሚሆነው ከ1 ኪሎ ሜትር በታች ነው። ሳተላይት ከሆነ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ የሚገኘው መዘግየቱ ከግማሽ ሰከንድ ስለማያንስ ለቪዲዮ ስብሰባ ያስቸግራል። 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚዞሩት ግን በጣም የተሻሉ ናቸው። የቱንም ብትመርጡ የሁለት ዓመት ውል አትፈርሙ። ፋይበሩ በሦስተኛው ወር ቢመጣስ?

ጥያቄ፦ መንደራችን ውስጥ አሥር ያህል ቤት ቀርተናል። ተሰባስበን ብንጠይቅ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። የፋይበር ወጪ ያለው ኬብሉ ላይ ሳይሆን ቁፋሮውና ምሰሶው ላይ ነው። ለአንድ ቤት መቆፈር አያዋጣም፤ ለአሥር ቤት ሲሆን ሒሳቡ ይለወጣል።

የእኛን ሰፈር ታሪክ ልንገራችሁ። 11 ቤት ነበርን። መጀመሪያ እያንዳንዳችን ለብቻ እየደወልን ስንጨቃጨቅ ስምንት ወር አለፈ። በኋላ አንድ ደብዳቤ ጻፍን። ሦስት ነገር አስገባንበት፦ የሁላችንም የቤት ቁጥርና ፊርማ፣ በአቅራቢያው ያለው ሳጥን ፎቶ ከነቁጥሩ፣ እንዲሁም ኬብሉ በአጥሩ ላይ እንዲያልፍ የፈቀደ ሰው በጽሑፍ የሰጠው ቃል። ነገሩን የፈታው ሦስተኛው ነው። ጥግ ላይ ያሉት ጎረቤታችን በግድግዳቸው በኩል እንዲያልፍ ፈቀዱ፤ መንገድ ማቋረጥ ቀረ። ለስምንት ወር የከበደው ሥራ በሦስት ሳምንት አለቀ። እኚያን ሰው እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

አፓርታማ ውስጥ ያላችሁም እንደዚሁ። ኩባንያው ከሕንፃው ኮሚቴ ወይም ከባለቤቱ ፈቃድ ሳያገኝ ሽቅብ ኬብል አይስብም። ብዙ ጊዜ «ኩባንያው ዘገየ» የሚባለው ፈቃዱ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ነው። ፈቃዱ ማን ጋ እንዳለ አጣሩ።

ጥያቄ፦ ቴክኒሻኑ መጣ፣ «ቱቦው ተዘግቷል» ብሎ ተመለሰ። ቀጠሮው ሌላ ወር ተራዘመ።

በጣም ያሳዝናል፤ ደግሞ በየቀኑ የሚያጋጥም ነው። ቀጠሮው ሳይደርስ ኬብሉ ወደ ቤት የሚገባበትን ቱቦ ራሳችሁ ፈትሹ። ቀጭን ናይለን ክር ጫፍ ላይ ትንሽ የፌስታል ቁራጭ እሰሩ፣ በአንዱ ጫፍ አስገቡት፣ በሌላው ጫፍ በኤሌክትሪክ አቧራ መጥረጊያ ሳቡት። ቱቦው ክፍት ከሆነ ክሩ በሰከንዶች ውስጥ ይመጣል። ክሩን እዚያው ተዉት፤ ቴክኒሻኑ ኬብሉን በእሱ ይስበዋል። ካልመጣ ሲሚንቶ ወይም ሌላ ነገር ዘግቶት ይሆናል፤ ይህን ዛሬ ማወቅ ይሻላል። ኦኤንቲው (ቤት ውስጥ ፋይበሩ የሚሰካበት ትንሽ መሣሪያ) የሚቀመጥበት ቦታ አጠገብ ሶኬት መኖሩንም እዩ።

ሥራው ሲያልቅ ቴክኒሻኑን «ፓወሩን ለካልኝ» በሉት፤ ቤታችሁ የሚደርሰውን የብርሃን ጉልበት ማለት ነው። ሲቀነስ 15 እና ሲቀነስ 25 ዲቢኤም (የጉልበቱ መለኪያ) መካከል ከሆነ ጥሩ ነው። ሲቀነስ 27 አካባቢ ከሆነ ገና ከጅምሩ ጫፍ ላይ ናችሁ፤ ሳይስተካከል አትፈርሙለት።

ጥያቄ፦ አሁን የሚዘረጋው ነገር ቶሎ አያረጅም? አዲሱ እስኪመጣ ብንጠብቅስ?

አትጠብቁ። የሚቀየረው በሁለቱ ጫፍ ያለው መሣሪያ ነው እንጂ ክሩ አይደለም። አሁን በብዛት የሚሠራበት ጂፖን የሚባለው የመሣሪያ ዓይነት ክሩን ለሚጋሩት ቤቶች ሁሉ በጋራ ወደ 2.5 ጊጋ ቢት በሰከንድ ያወርዳል። አዲሱ ዓይነት ኤክስጂኤስ-ፖን 10 ጊጋ ቢት ያደርሳል። የሚጠቀሙበት የብርሃን ሞገድ ስለሚለያይ ሁለቱ በአንድ ክር ላይ አብረው መሄድ ይችላሉ።

ይህ መስታወት ሁሌም ይገርመኛል። በ1966 ቻርለስ ካኦ የሚባል ተመራማሪ መስታወቱ በደንብ ከጠራ ብርሃን ሩቅ መሄድ እንደሚችል ጻፈ። ግቡ በኪሎ ሜትር ከ20 ዴሲቤል በታች ማጥፋት ነበር። በ1970 ኮርኒንግ በሚባለው የመስታወት ኩባንያ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ደረሱበት። ዛሬ ለረጅም ርቀት በሚመረጠው ሞገድ ወደ 0.2 ወርዷል። ካኦ በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ጥያቄ፦ ገባልን፤ ግን ስልኬ ላይ የተባለው ፍጥነት ሲሶው እንኳ አይደርስም።

ኮምፒውተር በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝታችሁ ለኩ። በኬብል ልክ ከሆነ ችግሩ ዋይፋይ ነው፤ ስልካችሁን ከ2.4 ወደ 5 ጊጋ ኸርዝ ዋይፋይ ቀይሩ።

ጥያቄ፦ ማንም ቀን አይነግረንም። እየቀረበ መሆኑን በምን እናውቃለን?

ቀና ብላችሁ ምሰሶውን እዩ። በክብ የተጠቀለለ ትርፍ ኬብል ተንጠልጥሎ ካያችሁ ያ የተረሳ አይደለም፤ እዚያ ቦታ ላይ መጋጠሚያ ወይም ሳጥን ሊገባ ታስቦ የተተወ ነው። ቀጥሎ ሳጥኑ ይሰቀላል። ሳጥኑ ላይ ቁጥር ካልተጻፈ ምናልባት ገና አልተፈተሸም። ቁጥር ከተጻፈበት ቅርብ ነው። ያን ቀን ቁጥሩን ፎቶ አንሡትና በማግስቱ ጠዋት ደውሉ፤ 8 መግቢያ ብቻ ሊኖረው ይችላል።